መነሳቱንማ ማን አጣው? ማረፉ ነው እንጂ!

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገሬ ሰው። ሁለቱም የማይሞከሩ ነገሮች ናቸው ለማለት ነው። ዘመን ተለወጠና ዛሬ ሰማዩም ይታረሳል፤ ንጉሡም ይከሰሳል። የት? እዚህ እኛ ዘንድ እንዳትሉኝ! ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካና አውሮፓ ነው። ሰማዩን የሚያርሱትም ትልልቆቹ አየር መንገዶችና የጦር አውሮፕላኖች ብቻ አይደሉም። የጥርስ ሐኪሙ፣ አናጺው፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሳይቀር ቅዳሜ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ፣ ትንሿን አውሮፕላን ከመጠለያዋ ጎትቶ አውጥቶ፣ ጓደኞቹን አሳፍሮ ሽቅብ ይላል። ማታ ተመልሶ ቤቱ ይገባል።

«የጤፍ ዋጋ ራሱ ሰማይ በወጣበት አገር ስለ አውሮፕላን ምን አስወራህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። እኔም አውሮፕላን የለኝም፤ የአንዲት ጎማዋ መግዣ እንኳ የለኝም። ፓይለትም አይደለሁም። ነገር ግን እነዚህ የቅዳሜ ፓይለቶች ሰው አሳፍረው ሲበሩ የሚገዙበትን ሕግና ልማድ እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር፣ ስለ ራሳችን የተጻፈ እየመሰለኝ መጣ። ሰው ማሳፈር የሰው ነፍስ በእጅ መያዝ ነው። ይህንንማ ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን ተሳፍረን የለም እንዴ!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ቤንዚን ማዋጣት

በአሜሪካ ሕግ የግል ፓይለትነት ፈቃድ የሚሰጠው ዕድሜው 17 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ቢያንስ 40 ሰዓት ይበራል፤ ከዚያ ውስጥ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ብቻውን ነው። አብዛኛውን ሰው 40 ሰዓት አይበቃውም፤ 60ም 70ም ሰዓት የሚፈጅበት ብዙ ነው። የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሰው ማሳፈር ይፈቀድለታል። አንድ ትልቅ «ነገር ግን» ግን አለበት፤ መነገድ አይችልም። ለገንዘብ ሰው ማመላለስ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ቁጥጥር፣ ሌላ ኃላፊነት ይጠይቃል።

ታዲያ አውሮፕላን ትንሽም ብትሆን ኪራይዋ ውድ ነው። የሚበረው ሰው ሁሉ ደግሞ ሀብታም አይደለም። መፍትሔው ምን ሆነ? እኛ ላንጋኖ ስንሄድ የምናደርገው ነው። አምስት ሆነን በአንድ ጓደኛችን መኪና እንሄዳለን፤ ቤንዚኑን እናዋጣለን። የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ ፈቅዷል። ነዳጅ፣ ዘይት፣ የአየር ማረፊያ ክፍያና የአውሮፕላኑ ኪራይ፤ እነዚህን አራቱን ብቻ ተሳፋሪዎች ከፓይለቱ ጋር ሊጋሩ ይችላሉ። ፓይለቱ ግን ከድርሻው በታች መክፈል አይችልም።

እንበልና የአንድ ቀን በረራ ጠቅላላ ወጪው 400 ዶላር ሆነ፤ ፓይለቱን ጨምሮ የተሳፈሩት 4 ሰዎች ናቸው። ፓይለቱ ከ100 ዶላር ላይ አንዲት ሳንቲም ማጉደል አይችልም። «የምነዳው እኔ፣ ላቤን የማፈሰው እኔ፣ እናንተ 400ውን ለሦስት ተካፈሉት» ቢል ሕግ ጥሷል። ከፈለገ ይጨምር፣ ከፈለገ ሁሉንም ይክፈል፣ መብቱ ነው። መቀነስ ግን የለም።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ነው ያደግነው። መሪ የጨበጠ ሰው ኪሱ ይወፍራል እንጂ ኪሱን ይዳብሳል ብለን አናውቅም። እነዚያ ግን መሪ የያዘውን ሰው ከተሳፋሪው እኩል አስከፈሉት። ሕጉ እንዲህ የሆነው የበረራ ዋጋ ለማስወደድ አይደለም። ከበረራው ትርፍ የሚያገኝ ሰው አየሩ ሲከፋም «እንሂድ» ይላል፤ ሳይበር ከቀረ ገቢው ይቀርበታላ! ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ግን ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «ዛሬ ይቅርብን» ለማለት አይከብደውም።

ሁለተኛም ነገር አለ። የአሜሪካ የአቪየሽን መሥሪያ ቤት ሕጉን ሲተረጉም «የጋራ ዓላማ» የሚል ነገር ጨምሮበታል። ፓይለቱ ወደዚያ ቦታ የሚሄድበት የራሱ ጉዳይ ሊኖረው ይገባል። «ወዴት ላድርሳችሁ?» ብሎ መጠየቅ የታክሲ ሾፌር ሥራ ነው። የግል ፓይለት የሚለው «እኔ ወደዚያ እየሄድኩ ነው፤ መንገዳችሁ ከሆነ ኑ» ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ባወጣው መመሪያ ላይ በዝርዝር አስቀምጦታል። የሚያሳፍረን ሰው እሱ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል ወይስ እኛን ብቻ ነው የሚልከን? እኛንም እኮ የሚያሳስበን ጥያቄ ነው። «ለልማት ታገሱ፣ ወገባችሁን እሰሩ» የሚለን ሰው የገዛ ልጁን የሚያስተምርበት ከተማና እሱ ራሱ ሲታመም የሚታከምበት አገር ሌላ ከሆነ፣ የጋራ ዓላማችን የቱ ላይ ነው?

ንጉሡ ተከሰሰ

አሁን ወደ ተረቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንምጣ። ፍላይትናው የሚባል አንድ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ተነሣና መቀመጫ የተረፈውን ፓይለትና ወጪ የሚጋራ ተሳፋሪ በኢንተርኔት ማገናኘት ጀመረ። የአቪየሽኑ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. «ይህማ ለሕዝብ ማስታወቂያ አውጥቶ መነገድ ነው፤ በግል ፈቃድ አይቻልም» አለ። ኩባንያው አኩርፎ ቤቱ አልገባም። መንግሥትን ከሰሰ! በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ተረታ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለው።

«ታዲያ ተሸነፈ አይደል? ምኑ ያስደንቃል?» ትሉ ይሆናል። እኔን ያስደነቀኝ አሸናነፉ ነው። ዳኞቹ ለምን እንደተረታ በጽሑፍ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ቋንቋ አስረዱት። «ከበላይ አካል በመጣ ትእዛዝ» የሚል ነገር የለበትም። በሌላ በኩል አውሮፓውያኑ ያንኑ ጥያቄ አንሥተው ሌላ መልስ ሰጡ። በነሱ ሕግ የግል ፓይለት ፓይለቱን ጨምሮ እስከ 6 ሰው ሆኖ ቀጥተኛ ወጪውን መጋራት ይችላል፤ ጉዞውንም በአደባባይ ማሳወቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ዊንግሊ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ የማገናኘት ሥራ በአውሮፓ ይሠራል። አንዱ ከለከለ፣ አንዱ ፈቀደ። ሁለቱም ግን ደንቡን አስቀድመው ጻፉት፣ ለሁሉም እኩል አደረጉት። እኔ የምቀናው በዚህ ነው እንጂ በአውሮፕላኑማ ምን ቆርጦኝ!

ደንቡ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ደግሞ የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ አንባቢ አይረሳውም። አርጀንቲናዊው አጥቂ ኤሚሊያኖ ሳላ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ ተዛውሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2019 ማታ በአንዲት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ አውሮፕላን ከናንት ተነሣ። ገርንዚ ደሴት አካባቢ ባሕር ውስጥ ገባች። የ28 ዓመቱ ወጣትም ፓይለቱም አለቁ። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በ2020 ባወጡት ሪፖርት ጉዱን ዘረገፉት። ፓይለቱ የያዘው የግል ፈቃድ ነው፤ ለክፍያ ሰው ማሳፈር አይፈቀድለትም። ያንን ዓይነት አውሮፕላን ለማብረር የሚያስፈልገው ማረጋገጫ ጊዜው አልፎበታል። ሌሊት የመብረር ፈቃድም አልነበረውም። ከሞተሩ ጭስ የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝም ሳይመርዘው አልቀረም። ጉዞውን ያዘጋጀው ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት ቀርቦ 18 ወር ተፈረደበት።

ቤንዚን ማዋጣቱ ወደ ስውር ንግድ ሲለወጥ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ በነፍሱ። ሳላ ፓይለቱን «ፈቃድህን አሳየኝ» ሊለው ይችል ነበር? ማን አስቦት! ተሳፋሪ የሚተማመነው በደንቡና ደንቡን በሚያስከብረው ነው።

«ለጸጥታ ሲባል»

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «እነሱ ሰላም ስለሆኑ ነው፤ እኛ ዘንድ ዜጋ ሁሉ ልብረር ቢል ጸጥታው እንዴት ይሆናል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ዋሽንግተን አጠገብ አለ።

ብዙ ያገሬ ልጆች ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን ሳያቋርጡ ሲሠሩ ከኖሩት የዓለም አየር ማረፊያዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነው ይባልለታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን በአውሮፕላን ሲመቱ፣ ይህ ሜዳ ከዋይት ሐውስ የጥቂት ደቂቃ በረራ ርቀት ላይ ነበር። ለጊዜው ተዘጋ። ከዚያስ? «ለጸጥታ ሲባል» እንደተባለ በዚያው ጠፍቶ ቀረ? የለም! ደንብ ወጣለት። እዚያ ማረፍ የሚፈልግ ፓይለት ጀርባው ይጣራል፣ አሻራ ይሰጣል፣ የራሱ የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከመብረሩ በፊት ያስመዘግባል። ይህን ያሟላ አናጺም ሆነ አስተማሪ ዛሬም ከዋና ከተማቸው ደጃፍ ላይ ተነሥቶ ይበራል።

ስጋቱ እውነተኛ ነበር፤ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ያለቀበት ስጋት። ግን ስጋትን በደንብ መያዝ ሌላ፣ በስጋት አሳቦ በር ጠርቅሞ ቁልፉን ኪስ መክተት ሌላ ነው። እኛ የምናውቀው ሁለተኛውን ነው።

«መሪው ያንተ ነው»

እዚህ ላይ በጣም የወደድኩትን ልማድ ላንሣ። የቅዳሜ ፓይለቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው በረራ ይጋራሉ። ሲሄዱ አንዱ ያበርራል፤ እዚያ ደርሰው ምሳ ይበላሉ፤ ሲመለሱ ሌላው ያበርራል። ወጪው ለሁለት ነው፤ ልምዱም ለሁለት ነው። ሞተር ከመነሣቱ በፊት ግን የዚህ ጉዞ ኃላፊ ማን እንደሆነ ይነጋገራሉ። «እስቲ ስንደርስ እናየዋለን» የለም።

አየር ላይ መሪ መቀባበል ካስፈለገ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ሦስት ቃል ነው። የያዘው «መሪው ያንተ ነው» ይላል። የሚቀበለው «መሪው የኔ ነው» ይላል። የለቀቀው መልሶ «አዎ፣ መሪው ያንተ ነው» ይላል፤ እጁንም ያነሣል። ለሁለት ሰው፣ ያውም ጎን ለጎን ለተቀመጠ፣ ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ለምን? ሁለቱም «ያኛው ይዞታል» ብለው ካሰቡ አውሮፕላኑን የያዘው የለም ማለት ነው፤ ሁለቱም ከያዙት ደግሞ ይጓተታሉ። ያም ሆነ ይህ ሞት ነው። በነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ግልበጣ የለም፣ መጠላለፍ የለም፣ «አልለቅም» የለም። የለቀቀውም ሰው ከበር አይወረወርም፤ ጎኑ ተቀምጦ መስኮት እያየ ይሄዳል፤ ሲጠየቅም ይመክራል።

በ90 ቀን ሦስት ጊዜ

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማረፉ እንምጣ። መነሣት ቀላል ነው። ሞተሩን ሙሉ ትለቃለህ፣ ፍጥነት ስታገኝ መሪውን ወደ ራስህ ሳብ ታደርጋለህ፣ አውሮፕላኑ ራሱ መነሣት ይፈልጋል። ማረፍ ግን ከሰማዩ ስፋት መጥቶ ጥቂት ሜትር ስፋት ያላት አስፋልት መሐል መስመር ላይ፣ በትክክለኛው ፍጥነት፣ በትክክለኛው ቦታ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ለማረፍ የተለየ ጥንቃቄ አድርጓል። የአሜሪካ ፓይለት ሰው ለማሳፈር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ቢያንስ 3 ጊዜ ተነሥቶ 3 ጊዜ ያረፈ መሆን አለበት። በጨለማ ሊያሳፍር ከሆነ በጨለማ፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ቆሞ። በየ24 ወሩም ከአስተማሪ ጋር ተቀምጦ ይታያል። «እኔ እኮ ከ20 ዓመት በፊት ፈቃድ ያወጣሁ ሰው ነኝ»፣ «እኔ እኮ ለዚህ አገር የታገልኩ ነኝ» ማለት አይሠራም። ትናንት ያረፍከው ማረፍ ትናንት ቀረ። 90 ቀን ካለፈህ ብቻህን ውጣና ተለማመድ፤ ሰው ይዘህ አይሆንም።

በትናንሽ ሜዳዎች ዙሪያ እነዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደ ንብ ሲዞሩ የሚውሉት ለዚህ ነው። ያርፋሉ፣ ሳይቆሙ ይነሣሉ፣ ዞረው ይመጣሉ፣ እንደገና ያርፋሉ። ብዙዎቹ የሚለማመዱባት ሴስና 172 የምትባለዋ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ በዓለም ላይ ከርሷ የበለጠ የተመረተ አውሮፕላን የለም። ለማረፍ ስትቃረብ ፍጥነቷ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሞጆ መንገድ ላይ ከሚከንፍ ሚኒባስ ብዙም አትበልጥም። ግን ሚኒባሱ የጎን ነፋስ አያነሣውም። አውሮፕላኗን ያነሣታል።

ነፋሱ ከግራ ቢመጣ ወደ ቀኝ ይገፋታል። ፓይለቱ ሁለት መላ አለው። አንደኛው አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደ መምጣትና ጎማው መሬት ሊነካ ሲል በእግሩ መርገጫ አፍንጫዋን ከመስመሩ ጋር ማስተካከል ነው። ሁለተኛው በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ፣ አፍንጫዋን ግን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጎ መምጣት ነው። ሁለቱም መላዎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ነፋሱን የለም አትበል፣ ነፋሱ ወዳለህም አትሂድ። ጠማማ ሆኖ የነካ ጎማ ይጮሃል፣ ይላጣል፣ ክፉ ከሆነም አውሮፕላኑን ከሜዳ ያወጣዋል።

ከፍታውን ደግሞ የሚነግሩት መብራቶች አሉ። በብዙ የማረፊያ ሜዳዎች ጎን አራት መብራት ተደርድሯል። ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩት ልክ ነው። አራቱም ነጭ ከሆኑ በጣም ከፍ ብሏል። አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ወዮለት! መብራቶቹ ፓይለቱን አይፈሩትም፣ አያሞግሱትምም። «ጌታዬ፣ ሁሉ በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» አይሉም። ቀይ ከሆነ ቀይ ነው። በኛ አገር እነዚህን መብራቶች የሚመስሉት ጋዜጦች ናቸው፤ አመድ አፋሾቹ እኛ ማለት ነው። ቀይ ስናበራ አምፖሉ የሚሰበርበትን ዘመን አይተናል፤ አምፖል መስበር ግን አውሮፕላኑን አንዲት ሜትር ከፍ አያደርገውም።

ሌላም አለ። ተሳፋሪ የሚያጨበጭበው ለልስላሴ ነው፤ ጎማው መንካቱ ሳይታወቅ ሲቀር። ጥሩ አስተማሪ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «በመሐል መስመሩ ላይ ነበርክ? ፍጥነትህ ልክ ነበር? ያሰብከው ቦታ ላይ ነው የነካኸው?» ብሎ ነው። አስፋልቱ ዝናብ ከያዘው እንዲያውም ጠንከር ብሎ መንካቱ ይሻላል፤ ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ መሬቱን እንዲይዝ። ለጭብጨባ ሲል ልስላሴ ፍለጋ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ሜዳው የሚያልቅበት አለ። ጭብጨባ ወዳዶች ልብ ይበሉ!

የቦታም ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለማመደ ፓይለት ቦሌ ሲመጣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ያሳየዋል፤ አውሮፕላኑ ግን በእርግጥ የሚሄደው 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ለመቆምም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የሰው አገር ልምድ እንዳለ ተሸክሞ መምጣት እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ግን ልብ በሉ፤ ሜዳችን ከፍ ያለ ስለሆነ ይበልጥ እንጠንቀቅ እንጂ ማረፍ አያስፈልገንም አይባልም! «የኛ ሁኔታ የተለየ ነው» የሚሉን ሁሉ ይህችን ሁለተኛዋን ነው የሚዘልሏት።

መመለስ ሽንፈት አይደለም

አቀራረቡ ካላማረ ፓይለቱ አንድ መብት፣ እንዲያውም ግዴታ አለው። ሞተሩን ሙሉ ለቅቆ እንደገና መነሣትና ዞሮ መምጣት። «ጎ አራውንድ» ይሉታል። ፍጥነቱ በዝቷል? ከመስመሩ ወጥቷል? ሜዳው ላይ ሌላ አውሮፕላን አለ? ተመለስ! ማንም አይስቅብህም።

ግን የሰው ልጅ ሰው ነውና ይህን ማድረግ ይከብደዋል። የበረራ ደህንነት ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽን በአየር መንገዶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከተበላሹት አቀራረቦች ውስጥ ተመልሰው የሚነሡት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 97ቱ «አይ፣ እዚህ ደርሼማ…» ብለው ይቀጥላሉ። የሠለጠነ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ረዳት ያለው ፓይለት እንዲህ ከሆነ፣ መካሪ የሌለው ባለሥልጣን የተበላሸ ፖሊሲውን ይዞ ሜዳው እስኪያልቅ ቢሄድ ምን ይገርማል? «ተሳስተናል፣ እንደገና እንዙር» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ከወንበር ላይ የሰማናት ስንት ጊዜ ነው?

የኛ ማረፎች

አሁን የራሳችንን መዝገብ እንግለጥ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገር የመሩ ሽማግሌ መውረጃ አልተዘጋጀላቸውም፤ እሳቸውም አላዘጋጁም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚሁ አዲስ አበባ አውሮፕላን ተሳፍረው ተነሡ፤ ያረፉት ግን ዚምባብዌ ነው። ተሳፋሪውን አየር ላይ ጥሎ መዝለል እንግዲህ ይኸው ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በገዛ አንደበታቸው «ሥልጣን ለቅቄያለሁ» ሲሉ አገር ጉድ አለ። ጉድ ያሰኘው ሰው በእግሩ መውረዱ ነበር! በእግር መውረድ ብርቅ የሆነበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?

መነሣቱን ሁሉም አውቆበታል። በጠመንጃም፣ በሰልፍም፣ በጭብጨባም ተነሥተዋል። ማረፉን ግን ማን ተለማመደው? በ90 ቀን ሦስት ጊዜ ይቅርና በ90 ዓመት ሦስት ጊዜ በወጉ ያረፈ አሳዩኝ!

ታዲያ ነቀፌታዬ ወደ ላይ ብቻ እንዳይሆን ወደ ራሳችን ሰፈርም ልዙር። ማረፍ በትልቅ አውሮፕላን አይለመድም። በሴስና ነው የሚለመደው፤ በትንሽ ሜዳ፣ ብዙ ጊዜ። የኛ ሴስናዎች የትኞቹ ናቸው? እድሩ፣ እቁቡ፣ የሙያ ማኅበሩ፣ የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ የስፖርት ክለቡ፣ የተቃዋሚ ፓርቲው ናቸው። ብዙ እድሮቻችን ይመስገኑና ዳኛቸውን በድምፅ ያወርዳሉ፤ የወረደውም ዳኛ በማግሥቱ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ ይገኛል። ፓርቲዎቻችንስ? «ዴሞክራሲ ይስፈን» እያሉ በየመድረኩ የሚጮሁ፣ ሊቀ መንበራቸው ግን ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ያው አንድ ሰው የሆነ ስንት አሉ? ሴስና ማሳረፍ ያቃተው ሰው ቦይንጉን ስጡኝ ሲል ተሳፋሪው ቢፈራ ይፈረድበታል?

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የእድርም ይሁን የማኅበር ወይም የፓርቲ፣ ለሊቀ መንበርነት የሚወዳደረውን ሰው አምስት ነገር እንጠይቀው። ድርሻህን ትከፍላለህ? ወደምትወስደን ቦታ አንተም ትሄዳለህ? መጨረሻ ጊዜ ሥልጣን ያስረከብከው መቼ ነው፣ ለማን? ሲበላሽ ተመልሰህ ለመዞር ድፍረቱ አለህ? መብራቱ ቀይ ሲሆን አምፖሉን ትሰብራለህ ወይስ ከፍ ትላለህ? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ወረዳውን፣ ከዚያም ፓርላማውን እንጠይቃለን። ከታች ያልጠየቅነውን ከላይ ብንጠይቅ የሚመልስልን የለም።

እስከዚያው ቀበቷችሁን ጠበቅ አድርጉ። ቸር ያሳርፈን!